በወጀብ ሰርፊንግ፦ በእስራኤል ዳርቻ መቼ እንግባ፣ መቼ እንቅር

በበጋ የአሽዶድ ባሕር ኩሬ ይመስላል። የሰርፊንግ ቦርድ፣ ማለት ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ፣ ይዞ የወጣ ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ኖቬምበር ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዝቅተኛ የአየር ግፊት ወደ ቆጵሮስ ይጠጋል፣ ነፋሱ ከምዕራብ ይመጣል፣ ሰማዩ ይጠቁራል። ሌላው ሰው መስኮት ሲዘጋ ሰርፈሮች ስልካቸውን ከፍተው ትንበያ ያያሉ። በናታንያም በአሽዶድም በአሽቀሎንም የኛ የኢትዮጵያውያኑ ልጆች እዚህ ውስጥ አሉበት።

ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው። ለእናት አባቶቻቸውም የሚሆን ደረጃ ወደ ታች አለ። በቅድሚያ ግን እንግባባ። ጎበዝ ሰርፈር ወጀቡ ሲጮህ ቤቱ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ የወጀቡ ጅራት ሲደርስ፣ ነፋሱ ደክሞ ሞገዱ ሲቀር፣ ቦርዱን ያነሣል። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ያንን ሰዓት ለይቶ ስለማወቅ ነው። በአንድ ሜትር ሞገድ ላይ ቆማችሁ መሄድ ገና ካልቻላችሁ ደግሞ ይህን አንብባችሁ አስቀምጡት። ዘንድሮ በረጋ ቀን ተማሩ፣ ለሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል።

ለመሆኑ ጤነኛ ሰው በብርድ ምን አስገባው? ያልሞከረው ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የበጋ ሞገድ ትገፋዋለህ እንጂ አይገፋህም። የክረምቱ ሌላ ነው። ሁለቴ ሦስቴ ትቀዝፋለህ፣ የቦርዱ ጭራ ሽቅብ ይነሣል፣ ከፊትህ ያለው ውሃ ቁልቁለት ይሆናል። ለመቆም ያለህ ጊዜ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ከቆምክ ፍጥነቱ በእግርህ በኩል ይመጣል፤ ፊትህን ጨዋማ ውሃ ይገርፈዋል፣ ከኋላህ የሚፈርሰው ሞገድ ድምፅ ደረትህ ውስጥ ይሰማል። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ከዚያ ጥርስህ እየተንገጫገጨ እየሳቅክ እንደገና ወደ ውስጥ ትቀዝፋለህ። ልብ በሉ፣ ሰውነት ይህን ደስታ የሚሰጠው አደጋ ስለሸተተው ነው። አድሬናሊን ብርዱንም ድካሙንም ይሸፍናል። ብዙ ሰው ጉዳት የሚደርስበት "አንድ ብቻ ልጨምር" ሲል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

1. ትንበያውን በሙሉ አንብቡ

የእስራኤል ሜትዎሮሎጂ አገልግሎት የባሕር ትንበያ ያወጣል፤ የሞገዱን ቁመት በሴንቲ ሜትር ይነግራል። እንደ ዊንዲና ዊንድጉሩ ያሉ መተግበሪያዎችም አሉ። ጀማሪ ቁመቱን ብቻ አይቶ ስልኩን ይዘጋል። መታየት ያለባቸው ግን ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ራሱ ቁመቱ ነው፤ እሱም በትክክል ከተነበበ። ትንበያው ላይ ያለው ቁጥር የትልቁን ሞገድ ቁመት አይናገርም። ከሞገዶቹ ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ ተወስደው የእነሱ አማካይ ነው። ስለዚህ "200 ሴንቲ ሜትር" በተባለ ቀን አልፎ አልፎ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ የሞገድ ጉልበት ከቁመቱ ቀድሞ ይሮጣል፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር የለመደ ሰው ሁለት ሜትር ላይ "ትንሽ ከበድ ይል ይሆናል" ብሎ ከገባ ሒሳቡን ስቷል።

ሁለተኛው በአንድ ሞገድና በተከታዩ መካከል ያለው ሰከንድ ነው። ሜዲትራኒያን እንደ ውቅያኖስ ሰፊ ስላልሆነ ሞገዱ ተጠጋግቶ ይመጣል፤ በወጀብ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሰከንድ ልዩነት ነው ያለው። በውቅያኖስ ዳር ከ12 እስከ 18 ሰከንድ ማየት የተለመደ ነው። እዚህ ከአንዱ ሥር ወጥታችሁ አየር ሳትስቡ ሌላው ይደርስባችኋል። በቪዲዮ ትንሽ የሚመስለው የኛ ሞገድ ሰው የሚጨርሰው እንዲህ እያደረገ ነው። እኔ 8 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሳይ ነው ልቤ የሚነሣሣው።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። የሚለካው በኖት ነው፤ 1 ኖት ወደ 1.85 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። ከፍጥነቱ ይልቅ አቅጣጫውን እዩ። ከባሕር ወደ የብስ በኃይል ሲነፍስ ሞገዱ ይበጣጠሳል፤ የት እንደሚሰበር እሱም አያውቅም።

ወሰኔን ልንገራችሁ፤ የኔ ፍርድ ነው፣ ሕግ አይደለም። አንድ ክረምት ብቻ የሠራ ሰው ከ150 ሴንቲ ሜትር በላይ አይግባ። ከ250 አልፎ ነፋሱም ከ25 ኖት በላይ ከሆነ ማንም ይሁን ማን ቡናውን ይዞ ከላይ ይመልከት። በዲሴምበር 2010 የመጣው ወጀብ በቂሳርያ የወደቡን የድንጋይ መከላከያ ሰባብሮታል፤ በአሽቀሎንም ገደሉን ንዶ በሮማውያን ዘመን የተቀረጸ የሴት ሐውልት ከተቀበረበት አውጥቷል። እንዲህ ባለው ቀን ትንበያ የሚያነብ ሰው "ልግባ ወይስ አልግባ" ብሎ አይጠይቅም።

2. ሰዓቱን ምረጡ

የዚህ አገር ወጀብ አካሄዱ በአብዛኛው ይታወቃል። መጀመሪያ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይነሣል፤ አየሩ ሞቅ ይላል፣ አንዳንዴ አቧራም ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ ቀዝቃዛው አየር ከዝናብ፣ ከበረዶና ከመብረቅ ጋር ይገባል። ነፋሱ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዞራል። ባሕሩ አብዝቶ የሚቆጣው ያኔ ነው። ከዚያ ነፋሱ ይደክማል።

ሞገዱ ግን ከነፋሱ ጋር አብሮ አይተኛም። አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይቆያል። እዚህ ላይ ነው ዓይናችሁን መክፈት ያለባችሁ። ሌሊት የብሱ ስለሚቀዘቅዝ ማለዳ ላይ ከየብስ ወደ ባሕር ቀለል ያለ የምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ የሞገዱን ፊት ይደግፈዋል፣ ሳይፈርስ ትንሽ ያቆየዋል፣ ያለሰልሰዋል። ትናንት የተዘበራረቀው ውሃ ዛሬ ጠዋት ተሰልፎ ይመጣል። ስለዚህ ከወጀቡ ማግስት ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ረፋድ ላይ የባሕሩ ነፋስ ሲመለስ ድግሱ አለቀ ማለት ነው።

መብረቅ ላይ ክርክር የለም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ውጡ። የመጨረሻውን ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በሜዳው ባሕር ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገር የእናንተ ራስ ነው።

3. ቦታውን ምረጡ

ኤላት ያላችሁ ተዉት፤ ለዚህ የሚሆን ሞገድ እዚያ የለም። ከአሽቀሎን እስከ ሐይፋ ባለው ዳርቻ ክፍት የሆነው ረጅም አሸዋ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ሞገድ ሰባሪ የድንጋይ ክምር ያለበት ቦታ ደግሞ ጥላ አለው። ሌላው ዳርቻ በተናወጠበት ቀን ከክምሩ ጀርባ ለሰው የሚሆን ሞገድ ይገኛል። በቴል አቪቭ ሂልተን ሆቴል ፊት ለፊት ያለው ባሕር ዳር ታዋቂ የሆነው በከንቱ አይደለም። በ1956 ዶሪያን ፓስኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ቦርድ ይዞ ወደ ቴል አቪቭ መጥቶ ነበር፤ የእስራኤል ሰርፊንግ ታሪክ ሲነገር ከእሱ ይጀመራል። ከዚያችው ከተማ የወጣችው አናት ሌሊዮር በቶኪዮ ኦሎምፒክ በሰርፊንግ እስራኤልን ወክላለች። በሐይፋ ባት ጋሊም ሥሩ ድንጋይ ነው፤ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ በወጀብ አትሞክሩት።

የድንጋይ ክምር ግን ሁለት ፊት አለው። ሞገድ የገፋው ውሃ ሁሉ መመለሻ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ክምሩን ጥግ ጥጉን ይዞ ወደ ጥልቁ ይሮጣል። ልምድ ያላቸው ሰርፈሮች ሳይደክሙ ለመግባት ይጠቀሙበታል። ልምድ የሌለውን ደግሞ ከድንጋዩ ጋር ያላትመዋል። ጀማሪ ከክምሩ ቢያንስ ሃምሳ ሜትር ይራቅ።

ስለ አሸዋው ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ሞገድ የሚሰበረው ውሃው ውስጥ ባለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ነው። የእስራኤል ዳርቻ አሸዋ አብዛኛው በናይል ወንዝ ወርዶ፣ በባሕሩ ጅረት በሲና በኩል ተገፍቶ የመጣ ነው። ናይል የሚሸከመው ደለል ደግሞ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የታጠበ ነው። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? አሸዋም ይዞ ዞሯል። ወደ ሥራችን ስንመለስ፣ እያንዳንዱ ወጀብ ጉብታውን ከቦታ ቦታ ያዛውራል። ባለፈው ወር ጥሩ የነበረው ስፍራ ዛሬ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። "እኔ ይህን ቦታ አውቀዋለሁ" የሚባለው እስከሚቀጥለው ወጀብ ድረስ ብቻ ነው።

ሌላው ቆሻሻ ነው። ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ያርቆን፣ አሌክሳንደርና ሌሎቹ ወንዞች ከከተማና ከእርሻ ያጠቡትን ሁሉ ወደ ባሕር ይደፋሉ፤ አንዳንዴ የፍሳሽ መስመርም ይሞላና ይቀላቀላል። ውሃው ቡናማ ከሆነ ወይም ከሸተተ አትግቡ። ከወንዝ አፍ ራቅ ያለ ባሕር ዳር ፈልጉ። ያልዳነ ቁስል ያለው ሰው ሁለት ሦስት ቀን ቢታገሥ ይሻለዋል። ጥሩው ሞገድ የሚያመልጠውም በነዚሁ ቀናት ስለሆነ ያናድዳል፤ ግን ምን ይደረግ።

4. ዕቃውን ቤት ውስጥ ፈትሹ

በፌብሩዋሪ የባሕሩ ሙቀት ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል። ደረቱ 3፣ እጅና እግሩ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ልብስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ብርድ የሚፈራ ወፈር ያለውን ይልበስ። ልብሱ ሰውነት ላይ ልክክ ካላለ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ ይወጣል፣ ጥቅም የለውም።

ቦርዱ በበጋ ከምትይዙት አጭር አይሁን። ትንሽ ሰፋና ወፈር ያለው በተናወጠ ውሃ ላይ መቅዘፍ ያቀላል፤ ሲደክማችሁም ይሸከማችኋል።

ቦርዱን ከእግራችሁ ጋር የሚያያይዘውን ገመድ በእጃችሁ እየጎተታችሁ እዩት። ስንጥቅ ካለው፣ የሚያጣብቀው ጨርቅም ከላላ፣ ዛሬውኑ ቀይሩት። በዚህ ባሕር ቦርዳችሁ ነፍስ አድን ጀልባችሁ ነው፤ ከእናንተ ጋር ያያዘው ይህች ገመድ ብቻ ናት። በዚያው ልክ ገመዱን በአንድ እጅ፣ ዓይን ጨፍኖ መፍታት ተለማመዱ። ታዋቂው የሃዋይ ሰርፈር ማርክ ፉ በዲሴምበር 1994 በካሊፎርኒያ ማቬሪክስ በሚባለው ቦታ ሞተ። ገመዱ ከሥር ዐለት ላይ ተይዞበት ሊሆን ይችላል ተብሎ ይገመታል። ገመዱን ሁለቱንም ጥቅሙንና ጉዳቱን አውቃችሁ እሰሩ።

ድንጋይ አጠገብ ለመግባት ካሰባችሁ የውሃ ሄልሜት አድርጉ። ያምርብኛል አያምርብኝም የሚለውን ተዉት።

5. ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ እዩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ልብሱን እየለበሰ ይሮጣል። ቀስ በሉ።

ትልልቆቹ ሞገዶች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ጋብ ይላል። ስንት ሆነው እንደሚመጡ፣ ስንት ደቂቃ ጋብ እንደሚል ቁጠሩ። ልትገቡ የምትችሉት በጋብታው ነው። የገቡ ሰዎች ካሉ የት በኩል እንደገቡ፣ የትስ እንደወጡ ተመልከቱ። ማንም ካልገባ ለምን እንዳልገባ ራሳችሁን ጠይቁ። ጎታች ጅረት በዓይን ይታያል፦ ግራ ቀኙ አረፋ ሆኖ መሐሉ ጠቆር ያለ፣ ሞገድ የማይሰበርበት መስመር፤ ወይም አሸዋ የቀላቀለ ውሃና አረፋ ወደ ውስጥ ሲሄድ። ለማያውቅ ሰው የረጋ፣ ለመዋኘት የሚጋብዝ ቦታ ይመስላል። ወጥመዱ ይኸው ነው።

ከመግባታችሁ በፊት መውጫችሁን ወስኑ። ከዚያ በየብስ ላይ ሁለት ምልክት ያዙ፤ ለምሳሌ አንድ የመብራት ምሰሶና ከጀርባው አንድ ፎቅ። ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ሁለቱ በአንድ መስመር ከሆኑ ቦታችሁ ላይ ናችሁ። ከተለያዩ ጅረቱ እየወሰዳችሁ ነው። በደቡብ ምዕራብ ነፋስ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰሜን ነው የምትወሰዱት።

6. አገባብ

ሰውነታችሁን አሙቁ። ትልቁ ስብስብ ካለፈ በኋላ በፍጥነት ግቡ። አረፋው ሲመጣ ከቦርዱ ጋር ከሥሩ ጥለቁ፤ ቦርዱ ለመጥለቅ የማይመች ትልቅ ከሆነ ጠርዙን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ተገልበጡ፣ አረፋው በላያችሁ ይለፍ። ከኋላችሁ ሰው ካለ ቦርዱን ወርውራችሁ አትጥለቁ። የናንተ ቦርድ የሌላው ሰው ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሥራ አምስት ደቂቃ ቀዝፋችሁ አረፋውን ማለፍ ካልቻላችሁ ተመለሱ። የቀራችሁ ጉልበት ለመውጣት ያስፈልጋችኋል።

7. ስትወድቁ

በወጀብ ማግስት መውደቅ አይቀርም። በጭንቅላት ቁልቁል አትዝለሉ፤ ጉብታው ላይ ውሃው ጥልቅ ላይሆን ይችላል። ዝርግ ብላችሁ በጎናችሁ ወይም በጀርባችሁ ውደቁ። ከሥር ስትሆኑ በሁለት እጃችሁ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ ሰውነታችሁን አላሉ፣ አትታገሉ። የሁለት ሜትር ሞገድ ሰውን ከሥር የሚያቆየው ብዙ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም። ለእናንተ ግን ደቂቃ ይመስላችኋል። የሚታገል ሰው አየሩን በግማሹ ጊዜ ይጨርሳል። ሲለቃችሁ አንድ እጅ ከፊት አስቀድማችሁ ውጡ፤ ቦርዱ በላያችሁ ሊኖር ይችላል። አየር እንደሳባችሁ መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ዙሩ። ቀጣዩ እየመጣ ነው።

ትንፋሽ መያዝ ልለማመድ ብላችሁ ብቻችሁን ገንዳ ውስጥ አትግቡ። ሰው ሳያውቀው ራሱን ስቶ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይሰምጣል።

8. ጎታች ጅረት ከያዛችሁ

ኃይለኛ ጎታች ጅረት በሰከንድ ከሁለት ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ የኦሎምፒክ ዋናተኛም አይረታውም። ወደ ዳር ፊት ለፊት አትቅዘፉ። ቦርዱ ላይ ተኝታችሁ ተንፍሱ፤ ጅረት ወደ ሥር አይጎትትም፣ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ከዳርቻው ጎን ለጎን ቅዘፉ። ሞገድ ወደሚሰበርበት አካባቢ ስትደርሱ አረፋው ራሱ ወደ ዳር ይገፋችኋል። አቅም ካነሳችሁ ቦርዱ ላይ ቆዩና አንድ እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አውለብልቡ። ምንም ቢሆን ቦርዱን አትልቀቁ።

9. ዳር ላይ ሰው አቁሙ

ይህ ለወላጆች ነው። ከጎንደር ወይም ከትግራይ የመጣ፣ ባሕርን በዐዋቂነቱ ያየ አባት "እኔ ዋና አልችል፣ ምን ልረዳ?" ይላል። አባባ፣ ይረዳሉ። በክረምት በአብዛኛው ባሕር ዳር ማጺሎች፣ ማለት የባሕር ዳር ነፍስ አድን ጠባቂዎች፣ የሉም፤ የመታጠቢያ ወቅቱ ኦክቶበር ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ዳር ላይ ዓይኑን ሳይነቅል የሚያይ ሰው ወርቅ ነው።

ከልጁ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፦ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ በየት በኩል፣ ቦርዱ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው። ስልክዎ ቻርጅ ይኑረው። እጁን ካውለበለበ፣ ወይም ቦርዱ ብቻውን ከታየ፣ "ይቆየን እስቲ" አይበሉ፤ ወዲያው ወደ 101 ማጌን ዳቪድ አዶም (አምቡላንስ) ወይም ወደ 100 ፖሊስ ይደውሉ፣ የባሕር ዳሩን ስም ይንገሩ። እማማ፣ አንጀትዎ ቢላወስም ውሃው ውስጥ አይግቡ። ሊያድን ገብቶ የሰመጠ ሰው ብዙ ነው። የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩ፦ ባዶ የተከደነ ጀሪካን፣ ኳስ፣ ሌላ ቦርድ። በአቅራቢያ ያሉ ሰርፈሮችን ጮኸው ይጥሩ፤ እነሱ ናቸው ቀድመው የሚደርሱት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ። ልጁ "ዛሬ አልገባም፣ ባሕሩ ከበደኝ" ብሎ ከተመለሰ አይሳቁበት።

10. አወጣጥና ከዚያ በኋላ

መንቀጥቀጥ ሲጀምራችሁ፣ ጣታችሁ አልታዘዝ ሲል፣ ወይም በቀላል ሞገድ ላይ መውደቅ ስታበዙ ጊዜው ደርሷል። በዚያ ብርድ አንድ ሰዓት ይበቃል። ስትወጡ ሞገዱን ጀርባ አትስጡት፤ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይም ሰው ይጥላል። ቦርዱን በእናንተና በሞገዱ መካከል አትያዙ፤ ገፍቶ ጎድን ይሰብራል። በጎናችሁ ያዙት።

እርጥቡን ልብስ ነፋስ በሌለበት ቶሎ አውልቁ፣ ደረቅ ልበሱ፣ ኮፍያ አድርጉ፣ ሻይ ጠጡ። ልብሱንና ገመዱን በጨው አልባ ውሃ እጠቡና ጥላ ላይ ስቀሉ። ከዝናብ በኋላ ገብታችሁ ከነበረ ሰውነታችሁንም በሳሙና ታጠቡ፤ በሚቀጥሉት ቀናት ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የጆሮ ሕመም ወይም የሚያመረቅዝ ቁስል ከመጣ ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ባሕር ገብታችሁ እንደነበር ንገሩት። ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊልካችሁ ይችላል።